ያልተነበበው ደም

በዚያ ክረምት ዝናቡ ሰባ ሁለት ቀን ዘነበ። ጉንፋኑ በሦስተኛው ሳምንት ገባ። መጀመሪያ ሽማግሌዎችን ጣለ፤ ቀጥሎ ሕፃናትን። በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል አንድ አልጋ ላይ ሦስት ልጅ ተኛ። ብርድ ልብስ አለቀ። ኦክስጅን በወረፋ ሆነ። ምድር ቤቱ ጎርፍ ገባበትና መብራቱ ሁለት ሳምንት ተቆረጠ። ግድግዳው ሻገተ፤ የሚጠርገው ሰው አልተገኘም። የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ ምሳውን ቆሞ መብላት ጀመረ። በሰባት ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ልጅ ሞተ።

ሃያኛው ሊሆን የነበረው የስምንት ወር ወንድ ልጅ ነው።

እናቱ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ልታነሳው ገባች። አልነቃም። ክንዱን አነሳችው፤ ተመልሶ ወደቀ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈች። ይተነፍሳል፤ ግን በጣም በቀስታ። አልጮኸችም። እንዲህ ያለ ጧት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አይታለች። በብርድ ልብስ ጠቅልላው ወደ ዝናቡ ወጣች።

ረፋዱ ላይ የሕፃናት ክፍሏ ሐኪም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ደወለች።

«ሁለቱ ልጆች የሞቱበትን የዚያን ቤት መዝገብ የያዙት መርማሪ አሁንም አሉ?»

አለ። ባልደረቦቹ «ቆይ» ይሉታል። ሰው ሲጣደፍ ባየ ቁጥር «ቆይ» ስለሚል ነው። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል። በሥራ ዘመኑ ተቻኩሎ የዘጋው መዝገብ አንድ ብቻ ነው። እሱም ይሄው ነው።

መዝገቡ ቀጭን ነው። ከአራት ዓመት በፊት በዚያ ቤት የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ተኝታ ሳትነሳ ቀረች። በትኩሳት ነው ተባለ። በዓመቱ ወንድሟ በአሥር ወሩ እንደዚሁ ሆነ። ያን ጊዜ ነገሩ ፖሊስ ጋ ደረሰ። በቤቱ አንዲት ሞግዚት ነበረች። ልጆቹን ተደብቃ በጡጦ የሆነ ነገር ስታጠጣ ታይታለች። ምንድን ነው ስትባል «ስኳር በውኃ» አለች። ጡጦው ሲፈለግ ታጥቦ ተገኘ። የልጆቹ ደም ደግሞ፣ የሴቷም ስትሞት ተወስዶ የተቀመጠው፣ በሆስፒታሉ የዘር ላቦራቶሪ ተነበበ ተባለ። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ «በዘር የሚተላለፍ በሽታ አልተገኘም።» በሽታ ካልሆነ የሰው እጅ ነው። ዳኛው አሥራ ሁለት ዓመት ፈረዱባት። ሦስተኛውን ልትጨርስ ነው።

አሁን ሦስተኛው ልጅ እንደ ሁለቱ ሆኖ ተገኝቷል። ሞግዚቷ ግን ማረሚያ ቤት ናት። ይህ ልጅ ሲወለድ እዚያው ነበረች፤ ዓይኑን አይታው አታውቅም።

መርማሪው ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አገኘችው። ወጣት ናት። ከእንቅልፍ ማጣት ዓይኗ ቀልቷል።

«ልጁስ?» አለ።

«ነቅቷል። ጉሉኮስ ሰጠሁት፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም።»

«ምን ነበር?»

«ደሙ ውስጥ ስኳር የለም ጋሼ። የለም ማለት የለም።»

«መርዝ ነው?»

«ፈለግኩ። አላገኘሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«በዘር የሚመጣ ነው ብል ሁሉ ነገር ይገጥምልኛል። ሦስት ወንድምና እኅት፣ ሦስቱም በእንቅልፍ፣ ሦስቱም አሟቸው ባልበሉበት ማግስት። ግን የሁለቱ ደም ተነብቦ ነጻ ናቸው ተብሏል። ወረቀቱን ችሎት ያቀረቡት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ግራ ገብቶኛል። መንስኤውን ሳላውቅ ወደዚያ ቤት አልልከውም። እዚህ ባቆየው ደግሞ አጠገቡ የተኙት ሁለቱ ሳንባቸው ተይዟል። ከሁለቱ ምረጪ ካሉኝ አልመርጥም።»

ልጁ አልጋው ዳር ተኝቶ በእጁ ላይ የታሰረውን ፕላስተር ይጠባል። እናቱ አጠገቡ ቆማለች። መርማሪውን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቱ በረኪና ይሸታል። ወለሉ ስለሚያብረቀርቅ መርማሪው ጫማውን በር ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገ። የአባትየው እናት ሳሎን ተቀምጣለች። ወገቧ ላይ ቁልፍ ታስሯል። ቁልፉ የጓዳው ቁም ሣጥን ነው። ስኳር፣ ዘይት፣ ወተት፣ ሁሉም የሚቆለፈው እዚያ ነው።

«ትናንት ልጁ ምን በላ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«አስታወከ። ሆዱ ይረፍ ብዬ አስተውኩት።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከቀኑ አሥር ሰዓት።»

መርማሪው በጣቱ ቆጠረ። «እስከ ጧት አንድ ሰዓት፣ አሥራ አምስት ሰዓት ነው።»

«ቢሆንስ?»

«የስምንት ወር ልጅ ነው፣ እሜቴ።»

«አምስት ወልጄ አሳድጌያለሁ። አንዳቸውም ሌሊት ጡጦ አያውቁም። ልጅ ካስለመድከው ነው የሚጠይቅህ። ያቺ ሞግዚት ነበረች ያስለመደቻቸው። አየህ የት እንዳደረሳቸው።»

«ጡጦውን ያን ጊዜ ማን አጠበው?»

«እኔ። ቆሽሾ ነበራ። ቆሻሻ ዕቃ አላሳድርም።»

«ፖሊስ ሳያየው?»

«ፖሊስ ሊመጣ ነው ብሎ ማን ነገረኝ?»

ጓዳው ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን አየ። ገልብጦ አነበበው። የስኳር በሽተኛ የሚወስደው፣ የደም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን ነው።

«የማነው?»

«የእኔ። ለምን ትነካዋለህ?»

አባትየው ከመኝታ ቤት ወጣ። «እናቴን ነው አሁን የምትጠረጥረው? ያኔ ሞግዚቷ ናት አልክ። ዛሬ እናቴ። ነገ እኔ ልሆን ነው? ወይስ ድመቷን ትይዛታለህ?»

«ድመት አላችሁ?»

«የለንም።»

«ጥሩ» አለ መርማሪው። ኪኒኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ያን ቀን ሙሉ አሮጊቷ ናት ብሎ አመነ። በሦስቱም ጊዜ ቤት ውስጥ ነበረች። ጡጦውን ያጠበችው እሷ ናት። ኪኒኑ የእሷ ነው። ሰው መጥላት ቀላል ሲሆን ማመንም ይቀላል። ሐኪሟ ግን በስልክ አንድ ነገር ብላ ዘጋችው።

«መጀመሪያ የፈለግኩት እሱን ነው ጋሼ። ደሙ ውስጥ የለም። ሦስት ጊዜ ነው ያስመረመርኩት።»

በማግስቱ ቢሮው ውስጥ አሮጌውን መዝገብ እንደ ሌላ ሰው መዝገብ አነበበው። የእጅ ጽሑፉ የራሱ ነው። በሰባተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብሎ ጽፏል። «ሴት ልጅ በሞተችበት ሌሊት ሞግዚቷ ወደ ዘመዶቿ ሄዳ አልነበረችም። ወንድ ልጅ በሞተበት ሌሊት አያት ልጁን ከሞግዚቷ ለይታ ከራሷ ጋር አስተኝታው ነበር።»

ሁለቴ አነበበው።

ሁለቱም ልጆች የሞቱት ሞግዚቷ አጠገባቸው ባልነበረችበት ሌሊት ነው። ይህን የጻፈው እሱ ነው። ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ገልጦ አልፎታል። ያኔ «አስቀድማ አጠጥታቸው ይሆናል» ብሎ ነበር። ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ፤ ዝናቡ ጠረጴዛው ላይ ገባ። አልዘጋውም።

ቀጥሎ የላቦራቶሪውን ሁለት ወረቀት አወጣ። አንዱ የልጅቷ፣ አንዱ የወንድሟ። ችሎት የተነበበው የፊተኛው ገጽ ነው። ጀርባውን ማንም አላነበበውም። እሱም አላነበበውም። ቁጥር ብቻ ነው።

የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ አያውቅም። ሁለት ቁጥር እኩል መሆኑን ማየት ግን ትምህርት አይጠይቅም። ጣቱን በአንደኛው ላይ፣ ሌላ ጣቱን በሁለተኛው ላይ አድርጎ ወረደ። ስልሳ አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት። እዚያም እሱ ነው። ዘጠና አራት ነጥብ ሦስት ሰባት። እዚያም እሱ ነው። እስከ ገጹ ግርጌ አንድም ቁጥር አልተለየም።

ወረቀቶቹን አጥፎ ወደ ላቦራቶሪው ሄደ።

የዘር ላቦራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሁለት ክፍል። ሁለት ሰው ይሠራበታል። አንዷ ቴክኒሻኗ ናት። ሁለተኛው ኃላፊው ነው። ሠራተኛው ሁሉ ኃላፊውን «ሙሽራው» ይለዋል። ጋውኑ ላይ እጥፋት አይታይም፤ እጁንም በየአሥር ደቂቃው አልኮል ይቀባል። በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበር።

መርማሪው ወረቀቶቹን ከቴክኒሻኗ ፊት ዘረጋ።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ማሽኑ ስንት ጊዜ እንዳነበበ ነው አባቴ።»

«ምኑን?»

ወንበር ሳበችለት። «የሰው የዘር መዝገብ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ነው። ጂኖም ነው የምንለው። ሁሉን አናነብም። አብዛኛው ትእዛዝ አይደለም። ሌላውን የሚያበራ የሚያጠፋ አለ፤ ምን እንደሚሠራ እስካሁን ያላወቅነውም አለ። ከመቶው አንድ እጅ ከምናምን ብቻ ነው ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘው። ኤክሶም እንለዋለን። ከታወቁት የዘር በሽታዎች የብዙዎቹ ስህተት የሚገኘው እዚያ ነው። ስለዚህ እሱን ለይተን እናወጣና እያንዳንዱን ፊደል ደጋግመን እናነባለን። ይሄኛው በአማካይ ዘጠና አራት ጊዜ ተነቧል ማለት ነው።»

«ጥሩ። እንግዲህ ሁለት ሰው እኩል ቁጥር ሊያወጣ ይችላል?»

«ሊቀራረብ ይችላል።»

«እስከ መጨረሻዋ አኃዝ?»

ሳቀች። «እንኳን ሁለት ሰው፣ ያንኑ ደም ሁለቴ ባነበው እኩል አይወጣም። ዝናብ እንደ መቁጠር ነው።»

«በይ እዪው።»

አየችው። ሳቋ ከፊቷ ወረደ። ወረቀቶቹን ገለበጠች፤ መለሰች፤ ደግማ ገለበጠች።

«ከሥሩ ያለው የሠራተኛ መለያ የማነው?» አለ።

«የእኔ።»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ የሠራሽው።»

«አይደለሁም።»

«መለያው ያንቺ ነው እያልሽኝ።»

«ቀኑን ይዩት። በዚያ ሳምንት ወልጄ ተኝቻለሁ፤ አራት ወር ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ሴት ልጄ በዚያው ወር ነው የተወለደችው። ካላመኑ እዚሁ ግቢ ነው የወለድኩት፤ ካርዴ አለ።» ጣቷን ቁጥሩ ላይ አደረገች። «ቁጥሩን ግን አውቀዋለሁ። ከመውለዴ በፊት መጨረሻ ያነበብኩት ደም ነው። የአንድ ትልቅ ሰው ደም ነበር። ጤነኛ ሰው።»

«ማሽኑን ካንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ ቁጥሩን ጻፈችና «ፈልግ» የሚለውን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ዝርዝር ወረደ። አልቆም አለ።

«አርባ አንድ» አለች በመጨረሻ። «በአራቱ ወር ውስጥ የወጣ መልስ ሁሉ። ስም ተቀይሯል፣ ዕድሜ ተቀይሯል፣ ጾታ ተቀይሯል። ጀርባው አልተቀየረም። ጀርባውን እኛው ሁለታችን ብቻ ነን የምናየው። እኔ ደግሞ አልነበርኩም።»

ዝርዝሩን አትማ ሰጠችው።

መርማሪው አንድ ነገር ጠየቃት። «ደሙስ? የአርባ አንዱ ሰው ደም የት ነው?»

«ተጥሎ ይሆናል።»

«እንዴት ነው የሚጣለው?»

«በመዝገብ ነው። ሁለት ሰው ይፈርማል። ደም በአንድ ሰው ፊርማ ከዚህ አይወጣም።» ቆመች። መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረደችና ያን አራት ወር ገለጠች። ባዶ ነው። «አልተጣለም» አለች። «ቢጥለው ከጽዳት ኃላፊዋ ፊርማ መጠየቅ ነበረበት። እሷ ደግሞ ሳታነብ አትፈርምም። እዚህ ፍሪዘር ውስጥ የለም፤ አሮጌው ፍሪዘር ደግሞ ምድር ቤት ነው የወረደው።»

ሙሽራው በዚያው ቅጽበት ገባ። እጁን እየቀባ ነበር።

«እንግዳ አለን እንዴ?»

«ቆይ» አለ መርማሪው፤ ቴክኒሻኗ ልትናገር ስትል። ወደ ኃላፊው ዞረ። «የታችኛውን ቤት ቁልፍ ይዘዋል?»

«የምኑን?»

«የምድር ቤቱን።»

«እዚያ የተሰባበረ አልጋ ብቻ ነው ያለው።»

«አልጋ ማየት እወዳለሁ።»

ደረጃው ከመጨረሻው በፊት ያለው እርከን ድረስ ውኃ ነበረው። የጽዳት ሠራተኛዋ ቦት ጫማ አድርጋ ከፊት ወረደች። «አይጥ ሞቶ ነው ብለን ነበር» አለች። «ሁለት ሳምንት ፈለግን። እዚህ ምሳ የሚበላ የለም አሁን።»

ሽታው ከበሩ ጀመረ። ከተደራረቡት አልጋዎች ጀርባ አሮጌ ፍሪዘር ቆሟል። ተቆልፏል፤ ጠርዙ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ፕላስተሩ ለቋል። በሥሩ ቡናማ ነገር ወጥቶ ደርቋል፤ በላዩ ላይ ደግሞ አዲስ ይወርዳል። ሦስት ዓመት በረዶ ሆኖ የቆየውን መብራት የጠፋበት ሁለት ሳምንት አቅልጦታል።

ሙሽራው ከኪሱ የአፍ መሸፈኛ አወጣ። አንዱን ለራሱ አደረገ፤ ሌላውን ለመርማሪው ዘረጋለት።

«ያድርጉት። ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል።»

መርማሪው አልተቀበለውም። ቁልፉን በብረት ሰበሩት።

ወይን ጠጅ ክዳን ያላቸው ትናንሽ ብልቃጦች ናቸው። በረድፍ ተሰድረዋል። ጥቂቶቹ ሲቀዘቅዙ ተሰንጥቀው ነበር፤ ደሙ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እርስ በርስ አጣብቋቸዋል። ላያቸው ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ሻጋታ በቅሏል። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥርና ዕድሜ ተጽፏል። ሁለት ዓመት። ስድስት ወር። አራት ዓመት። መርማሪው ጓንት አድርጎ አንድ በአንድ አነሳ። በሦስተኛው ረድፍ አገኛቸው። ዓመት ከመንፈቅ፣ ሴት። አሥር ወር፣ ወንድ። ክዳናቸው እንደታሸገ ነው። ማንም አልከፈታቸውም።

በእነዚህ ሁለት ብልቃጦች ላይ ተመሥርቶ ሴት አሳስሯል።

የጽዳት ሠራተኛዋ ውኃው ውስጥ ተፋች። የተፋችው ወደ ሙሽራው ነው፤ አልደረሰም።

ፖሊስ ጣቢያ ሙሽራው ውኃ ጠየቀ። ብርጭቆውን በመሐረብ ጠርጎ ጠጣ።

«ማሽኑ ቆሞ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ቴክኒሻኗ በወለደች በሁለተኛው ቀን። አንድ ክፍሉ ተቃጠለ። መለዋወጫው አራት ወር ፈጀ።»

«ለምን ቆሟል አላልክም?»

«ማሽኑን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ደማችንን ውጭ መላክ አበቃ ብዬ ምርቃቱ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ገና ሁለት ወሩ ነበር። ቆመ ብል ምን ይባላል?»

«ምን ይባላል?»

«ይሳቅብኛል።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «እንዳይሳቅብህ ነው?»

«እርስዎ አይገባዎትም። በሳይንስ ነው ያሰብኩት። ከሦስት ደም በሁለቱ ምንም አይገኝም። ዓለም ላይ እንዲህ ነው። ስለዚህ ‹አልተገኘም› ብዬ ብጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነኝ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛውም ቢገኝ፣ አብዛኛው መድኃኒት የለውም።»

«ማሽኑ ሲጠገን ለምን አላነበብካቸውም?»

«መልስ የተሰጠበትን? ሁለተኛ መልስ ቢወጣ የመጀመሪያውን ይጠይቁኛል።»

«ችሎት ቀርበህ መሰከርክ።»

«የተጠየቅኩት ‹ይህ ወረቀት የእናንተ ነው ወይ› ተብዬ ነው። የእኛ ነው። አልዋሸሁም።»

መርማሪው ሐኪሟ የጻፈችውን የልጁን ወረቀት ገፋለት። «አንብበው።»

አነበበው። ደቂቃ አልፈጀም። ፊቱ ላይ የመጣው ጸጸት አልነበረም። ጥያቄ የተመለሰለት ተማሪ ፊት ነበር።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ። «ሆዳቸው ባዶ ሲሆን ሰውነታቸው ስቡን ወደ ጉልበት አይለውጥም። የሚለውጠው ፕሮቲን ተበላሽቷል። ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ብልሹ ትእዛዝ ወርሰው ነው። ወላጆቹ ጤነኛ ይሆናሉ።»

«መድኃኒት አለው?»

ብርጭቆውን እንደገና ጠረገ።

«አለው ወይ ነው የምልህ።»

«ሳይራቡ ማቆየት ነው።»

«ሲታመሙስ? አልበላም ሲሉ?»

«ስኳር» አለ ሙሽራው። «ስኳር በውኃ።»

መርማሪው ተነሳ። ከዚያ ሰው ጋር አንድ አየር መተንፈስ አስጠላው። ግን በር ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር አሰበና ቆመ፤ ይሄ ሰው የዋሸው አንድ መስመር ነው። በዚያች መስመር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የገነባው መርማሪው ራሱ ነው።

የልጁና የሁለቱ ብልቃጦች ደም ወደ ሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ሄደ። ቴክኒሻኗ ራሷ በረዶ ውስጥ ይዛው ተጓዘች። መልሱን ሐኪሟ በአሥራ አንደኛው ቀን አነበበችው። የበሰበሰውም ደም ቢሆን ፊደሉ አልጠፋም ነበር። በሦስቱም ልጆች ላይ ያው አንድ የዘር ትእዛዝ፣ ጂን የሚሉት፣ በሁለቱም ወገን ተሰብሯል። አንድ ፊደል ነው። የሌሎቹም ደም ተነበበ። ከአርባ አንዱ በአሥራ ሁለቱ ላይ በሽታ ተገኘ። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ እስከዚያ ሞተዋል።

ልጁ ከሆስፒታል ወጣ። እናቱ በየሦስት ሰዓቱ እንድታበላው ታዘዘች። አያትየዋ ቁልፉን ከወገቧ ፈትታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ክፍሏ ገባች። ማንም አልተከተላትም።

ዐቃቤ ሕጉ ለሞግዚቷ መፈቻ ወረቀት ጻፈ። መርማሪው ወረቀቱ እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ቀድሞ ሄደ።

የማረሚያ ቤቱ መጠየቂያ ክፍል ሁለት አግዳሚና አንድ ጠረጴዛ አለው። ሞግዚቷ አጭር ሴት ናት። ገና አርባ አልሞላትም፤ ፀጉሯ ግን ነጭቷል። ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ነገ ትወጫለሽ» አለ።

«ሰማሁ። ጠባቂዋ ነገረችኝ።»

«የመጣሁት ለሌላ ነው። ለደብዳቤዎችሽ።»

ከታሰረች ጀምሮ በየወሩ ትጽፍለት ነበር። ሠላሳ አራት ደብዳቤ። አቤቱታ አይደለም፤ ልፈታ አትልም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹን ምን ገደላቸው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከፍቷል። የእሷ ብልጠት መስሎት ሌሎቹን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ወርውሯል።

«ለየትኛው ነው የሚመልሱልኝ?» አለች።

«ለሁሉም።»

ነገራት። ስለ ደሙ፣ ስለ ፍሪዘሩ፣ ስለ ወረቀቱ ጀርባ፣ ስለ ተሰበረው ጂን። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ እጆቿን አየች።

«ስኳሩስ?»

«ስኳሩ ነው ያቆያቸው። አንቺ ባትኖሪ ልጅቷ ዓመቷንም አትሞላም ነበር። ሐኪሟ ናት ያለችው።»

«እኔኮ በሽታ ነው ብዬ አይደለም» አለች። «ሌሊት ሲያለቅሱ ላባቸው ቀዝቃዛ ነው። ስኳር ሲቀምሱ ይሞቃሉ። እሱን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ይህን ያኔ ነግረሽኝ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ።»

«አልጻፍኩትም።»

«አውቃለሁ። ችሎት ሲነበብ ጠበቅኩት፤ አልመጣም።»

ጠባቂዋ ወደ ሰዓቷ አየች። መርማሪው ለመናገር ያዘጋጀው ነገር ነበር፤ አፉ ውስጥ እንደ ቆሸሸ ጨርቅ ሆነበት።

«በቃል አልፈልግም» አለች ቀድማው። «በቃል የተባልኩትን ሁሉ አይቼዋለሁ። ጻፍልኝ።»

አንተ ማለት ጀመረች። እሱም አላረማትም። ከማስታወሻው አንድ ገጽ ቀደደና ጻፈ። ስትጠብቀው ቆየች።

«አንብበው።»

«‹ሁለቱ ልጆች የሞቱት በዘር በወረሱት በሽታ ነው። ሞግዚቷ የሰጠቻቸው ፈሳሽ ጉዳት ያላደረሰ ሲሆን...›»

«ፈሳሽ አይደለም።»

«ምን?»

«ፈሳሽ ያልከኝ ያኔም አንተ ነህ። ችሎት ሁሉ ፈሳሽ፣ ፈሳሽ ሲል ዋለ። ሰው ፈሳሽ ሲባል መርዝ ነው የሚመስለው። ስኳር ብለህ ጻፍ።»

ሰርዞ ስኳር ብሎ ጻፈ።

«ጉዳት አላደረሰም አትበል። ምን አደረገ?»

«አቆያቸው።»

«እሱን ጻፋ።»

ጻፈ።

«ያሰረኝ ማነው?»

ገጹን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ «ሳላጣራ ያሳሰርኳት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ስሙን ከሥሩ አኖረ። ቀኑንም ጨመረ። ገጹን በጠረጴዛው ላይ ገፋላት።

ከላይ ጀምራ እስከ ፊርማው አነበበችው። አራት ቦታ አጠፈችና ከቀሚሷ ሥር ከተተችው።

ተነስቶ እጁን ዘረጋ። አየችው። ማጠቢያ ውስጥ የቀረ ነገር እንደሚታይ ነው ያየችው፤ አልነካችውም።

«የተረፈው ልጅ ጡጦው ለብ ካላለለት ይተፋው ይሆናል» አለች። «ታላላቆቹ እንደዚያ ነበሩ። ለእናቱ ንገራት።»

«እነግራታለሁ።»

«ዛሬውኑ ንገራት» ብላ ወደ በሩ ሄደች።